አምቡላንሱ እንዲነሳ ጎተራው ቁጥር ጠየቀ

ጆሯችሁን ስጡኝ። ተረቱ አጭር ነው፣ ሰንሰለቱ ግን ይረዝማል። እየደጋገምኩ ነው የምነግራችሁ፤ ሰለቸኝ የሚል ካለ ምጥ ላይ ያለችውን ሴት ያስብና ዝም ይበል።

የከተማዋን ስም አልናገርም፤ ሰዎቹ በሕይወት ስላሉ ይቀየሙኛል። በዚያች ከተማ አንድ የአምቡላንስ ስምሪት ቢሮ ነበረ። በቢሮው ውስጥ ውዳሴ የምትባል የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትጽፍ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የቢሮው ስልክ ጮኸ፤ ውዳሴ አነሳችው።

«ሲስተር እልፍነሽ ነኝ፣ የጎርባ ጤና ጣቢያ አዋላጅ» አለች ደዋይዋ። «ስንዱ የምትባል እናት ምጥ ይዟታል። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ደም እየፈሰሳት ስለሆነ እዚህ ላዋልዳት አልችልም፤ ሆስፒታል መድረስ አለባት። አምቡላንስ ላኩልኝ፣ በእናትሽ!»

«በአምቡላንስ መጥሪያው አጭር ቁጥር ደውለሻል?» አለች ውዳሴ።

«ኧረ ደውያለሁ! ‹ጥሪዎ ተደጋጋሚ ነው› ይለኛል። ጠዋት በዚሁ ስልክ ሌላ እናት አስወስጃለሁ። እኛ ጋ ኔትወርክ የሚይዘው አንቴና የተሰቀለለት፣ ከጎናችን ያለው የባለሱቁ ስልክ ብቻ ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚደውለው በእሱ ነው። ይህንን ብልሽት እኮ ካስመዘገብኩ ቆየሁ፣ እህቴ። የሚሰማኝ አጣሁ።»

ውዳሴ ክው አለች። ከአንድ ስልክ በአንድ ቀን ሁለቴ ከተደወለ ሁለተኛውን ጣል ብሎ ፕሮግራሙን ያዘዘው ማን መሰላችሁ? ራሷ ውዳሴ ናት። ከተማ ያደገች ልጅ፣ ሰው ሁሉ በየኪሱ ስልክ የያዘ ይመስላት ነበር። ብልሽት መኖሩን የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

የእጅ ስልኳን ቁጥር ለሲስተር እልፍነሽ ሰጥታ ወደ ግቢው ሮጠች። ሾፌሩ ሙዘይን መኪናው አጠገብ ቆሟል።

«ሙዘይን፣ ወደ ጎርባ ተነስ! ስንዱ የምትባል እናት ደም እየፈሰሳት ነው!»

«በምን ልነሳ?» አለ ሙዘይን። «የመኪናው ቁልፍ ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑን የሚከፍተው ከኮምፒውተሩ የሚወጣ ትእዛዝ ነው። ያዘዘኝ የለም።»

አምቡላንሱ ያለ ትእዛዝ አልነሳም አለ፤ ስንዱም ታምጣለች።

ውዳሴ ወደ ኮምፒውተሯ ተመልሳ ፕሮግራሙን ለመነችው። «ፕሮግራሜ ሆይ፣ ትእዛዝ አውጣ። ትእዛዙ ይውጣ፣ አምቡላንሱ ይነሳ፣ ስንዱ ትዳን።» ፕሮግራሙም አለ፦ «ይህ ጥሪ ተደጋጋሚ ነው። እንደጻፍሽኝ ነው የምሠራው፤ ካላረምሽኝ አላወጣም።» ምን ይመለስለታል? እውነቱን ነው።

ውዳሴ እርማቱን ጻፈች። አጭር እርማት ናት፣ ላብ እንኳ አላስወጣቻትም። ቀሪው እርማቱን ጎተራው ውስጥ ማስገባት ነበር። የቢሮው ሰዎች ፕሮግራሞቻቸው የሚቀመጡበትን ቦታ የኮድ ጎተራ ይሉታል፤ ፕሮግራሙ የሚታረመው እርማቱ እዚያ ሲገባ ብቻ ነው።

«ጎተራዬ ሆይ፣ እርማቴን ተቀበል። ፕሮግራሙ ይታረም፣ ትእዛዙ ይውጣ፣ አምቡላንሱ ይነሳ፣ ስንዱ ትዳን።»

ጎተራውም አለ፦ «የየትኛው ብልሽት እርማት ነው? ቁጥሩን አምጪ። ቁጥሩም እውነት መሆኑን ከብልሽት መዝገቡ ላጣራ። ሳላጣራ አልቀበልም።»

ይህን ሕግ ያወጣው የቢሮው ኃላፊ ነው። ሕጉን ማንሳት የሚችለውም እሱ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ስልጠና ላይ ነው፣ ስልኩም ዝግ ነው። እንግዲህ ምን ይደረግ! ጎተራው እርማቱን አልቀበልም አለ፣ ፕሮግራሙ ትእዛዙን አላወጣም አለ፣ አምቡላንሱ ከግቢው አልነሳም አለ፤ ስንዱም ታምጣለች።

አሁን ስለ መዝገቡ ልንገራችሁ። ድሮ የብልሽት መዝገቡ እዚያው ጎተራው ሆድ ውስጥ ነበር፤ ሲጠየቅ ወዲያው ይመልሳል። ኋላ ላይ ከየጤና ጣቢያው የሚመጣው አቤቱታ ሲበዛ ሌላ ትልቅ መዝገብ ከውጭ አመጡና ከመንገዱ ማዶ፣ አዲሱ ሕንፃ ላይ አስቀመጡት። አዋላጆችና ሾፌሮች የሚያስመዘግቡት እዚያ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ግን የሚያዩት ጎተራውን ነው። ሁለቱ መገናኘት ነበረባቸው። «ነገ እናገናኛቸዋለን» ተባለ። በማግስቱም «ነገ» ተባለ። እኔ ይህን «ነገ» የሚባል ነገር ስጠላው!

ውዳሴ የመዝገቡን ገጽ ከፍታ ፈለገች፤ የሲስተር እልፍነሽን አቤቱታ ከነቁጥሩ አገኘችው። ማንም ሳያየው ተቀምጧል። ቁጥሩን ለጎተራው ሰጠችው። ጎተራውም «መዝገቡን ልጠይቅ» ብሎ ወደ ማዶ ተጣራ። መዝገቡ ግን እንዲህ አለ፦ «አንተ ደግሞ ማነህ? እኔ የማናግረው የምስጢር ቃል የያዘ ነው። አላውቅህም፣ አልመልስልህም።»

መዝገቡ ለጎተራው አልመልስም አለ፣ ጎተራው እርማቱን አልቀበልም አለ፣ ፕሮግራሙ ትእዛዙን አላወጣም አለ፣ አምቡላንሱ ከግቢው አልነሳም አለ። ስልኩ ጮኸ። «መኪናው ወጣ?» አለች ሲስተር እልፍነሽ። ከኋላዋ የስንዱ ጩኸት ይሰማል።

«ሊወጣ ነው» አለች ውዳሴ። ዋሸች፤ ምን ታድርግ።

የምስጢር ቃል የሚያወጣው ናሆም ነው፤ ከውዳሴ ፊት ለፊት የሚቀመጥ፣ የጆሮ ማዳመጫ ከራሱ የማይለይ ልጅ። ማዳመጫውን መንጭቃ አወለቀችለት።

«ናሆም፣ የምስጢር ቃል ስጠኝ። መዝገቡ ይመልስ፣ ጎተራው ይቀበል፣ ፕሮግራሙ ይታረም፣ ትእዛዙ ይውጣ፣ አምቡላንሱ ይነሳ፣ ስንዱ ትዳን!»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ስንዱ ማናት?» አለ ናሆም። ነገረችው። ፊቱ ተለዋወጠና ተጣድፎ ሞከረ። ከዚያ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ።

«እምቢ አለኝ። ቃሉ የሚወጣው ጎተራውና መዝገቡ ሲተያዩ ብቻ ነው። መሃላቸው ላይ አጥሩ አለ። አጥሩ ካልተከፈተ ብፈልግም አልችልም።»

አጥር ስላችሁ የእሾህ አጥር እንዳይመስላችሁ። ከቢሮው ኮምፒውተሮች የሚወጣውንና የሚገባውን የሚያግድ፣ ዓይን የማያየው አጥር ነው። ጠባቂው ጋሽ ሽብሩ ናቸው፤ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከሚያጓሩት ማሽኖች ጋር፣ ጥቁር ሹራባቸውን ለብሰው የሚውሉ ሰው። ውዳሴ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።

«ጋሽ ሽብሩ፣ አጥሩን ይክፈቱልኝ። ናሆም ቃሉን ይስጥ፣ መዝገቡ ይመልስ፣ ጎተራው ይቀበል፣ ፕሮግራሙ ይታረም፣ ትእዛዙ ይውጣ፣ አምቡላንሱ ይነሳ፣ ስንዱ ትዳን!»

ጋሽ ሽብሩ ያደገ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ወዴት በኩል ነው የሚከፈተው?»

«ወደ ብልሽት መዝገቡ።»

«አዪ!» አሉ፤ ፊታቸው ጠቆረ። «ወደዚያ የምከፍተው የመዝገቡ ኃላፊ መጥታ በአፏ ስትጠይቀኝ ነው። ደንቡ እንደዚያ ነው።»

«በስልክ ቢነግሩዎትስ?»

«በስልክ አልፈልግም። እግር አላት፣ ትምጣ።»

ስልኩ የውዳሴ እጅ ላይ ጮኸ፤ ሲስተር እልፍነሽ ናት። «አንቺ ልጅ፣ ስንዱ ድምጿ እየደከመ ነው። እውነቱን ንገሪኝ፣ መኪናው ወጥቷል?» ጋሽ ሽብሩ አጥሩን አልከፍትም አሉ፣ ናሆም ቃሉን አልሰጥም አለ፣ መዝገቡ ለጎተራው አልመልስም አለ፣ ጎተራው እርማቱን አልቀበልም አለ፣ ፕሮግራሙ ትእዛዙን አላወጣም አለ፣ አምቡላንሱ ከግቢው አልነሳም አለ፤ ስንዱም ድምጿ ደከመ።

የመዝገቡ ኃላፊ ወይዘሮ አሰለፈች ናቸው። ውዳሴ ዝናቡ ላይ ወጥታ መንገዱን ተሻገረች፤ አንድ ባጃጅ ለጥቂት ሳታት። ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ የወይዘሮ አሰለፈችን በር ሳታንኳኳ ከፈተችው።

«እትዬ አሰለፈች፣ ይነሱልኝ! ጋሽ ሽብሩ ጋ ይሂዱና ይጠይቁልኝ። ጋሽ ሽብሩ አጥሩን ይክፈቱ፣ ናሆም ቃሉን ይስጥ፣ መዝገቡ ይመልስ፣ ጎተራው ይቀበል፣ ፕሮግራሙ ይታረም፣ ትእዛዙ ይውጣ፣ አምቡላንሱ ይነሳ፣ ስንዱ ትዳን!»

ወይዘሮ አሰለፈች ከወንበራቸው ተነስተው ነበር። የጋሽ ሽብሩን ስም ሲሰሙ ግን መልሰው ተቀመጡ።

«ሽብሩ ጋ? የእግዜር ሰላምታ ከነፈገኝ ሰው ጋ? በመንገድ ሳገኘው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ስንት ዓመት አብረን በላን ጠጣን፤ ምን እንዳደረግኩት ሳይነግረኝ እንደ ባዕድ አየኝ። ሌላ ሰው ልላክ፤ እኔ ደጁን አልረግጥም።»

«እትዬ፣ ሰው ሊሞት ነው እኮ!»

«ለእሱ ንገሪው! የሚከፍተው እሱ፣ የሚከለክለው እሱ፣ ወቀሳው ለእኔ?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። መከፋት ነው እንጂ ክፋት አልነበረም።

አያችሁልኝ? ወይዘሮ አሰለፈች ሽብሩ ጋ አልሄድም አሉ፣ ጋሽ ሽብሩ አጥሩን አልከፍትም አሉ፣ ናሆም ቃሉን አልሰጥም አለ፣ መዝገቡ ለጎተራው አልመልስም አለ፣ ጎተራው እርማቱን አልቀበልም አለ፣ ፕሮግራሙ ትእዛዙን አላወጣም አለ፣ አምቡላንሱ ከግቢው አልነሳም አለ። ስንዱም ዝም አለች። ሲስተር እልፍነሽ ደውላ ለውዳሴ የነገረቻት ይህንኑ ነው፦ «መጮህ ትታለች። የልጁ ልብ ይመታል፤ እሷ ግን እየከዳችኝ ነው።»

ውዳሴ እየሮጠች ተመለሰች። ምድር ቤት ስትደርስ አላለቀሰችም፤ ተቆጣች እንጂ። በታላቅ ላይ መቆጣት ነውር መሆኑን ታውቃለች፣ ግን ተቆጣች።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ደንብ አይደለም ይሄ! እትዬ አሰለፈች ምን አደረጉዎት?»

ማሽኖቹ ያጓራሉ። ሰውየው ወደ ወለሉ እያዩ ተናገሩ።

«እናቴ ስትሞት ያልመጣ ሰው የለም። የማላውቀው ሰው ሳይቀር መጥቶ አስተዛዘነኝ። እሷ አልመጣችም። እናቴ እንደ ልጇ ነበር የምታያት። ድንኳኑ እስኪፈርስ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ‹እግዜር ያጥናህ› አላለችኝም። ከዚህ በላይ ምን ታድርገኝ?»

ውዳሴ አንድ ነገር ትዝ አላት። ያን ጊዜ ወይዘሮ አሰለፈች እዚህ አልነበሩም፤ ሌላ ከተማ ያለች ልጃቸው ወልዳ አራስ ሊያርሱ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ደግሞ በቀጥታ ወደ ማዶው ሕንፃ ተዛወሩ። መርዶውን ማን ነገራቸው?

ስልኳን አንስታ ናሆምን ጠራች። «የጋሽ ሽብሩ እናት ማረፋቸውን ለእትዬ አሰለፈች ነግረሃቸዋል?»

«እኔ? አንቺ የነገርሻቸው መስሎኝ!»

«እኔ ደግሞ አንተ የነገርካቸው መስሎኝ።»

ቢሮው ሁሉ አንዱ ሌላው ነግሯቸዋል እያለ፣ ማንም ሳይነግራቸው ቀርቷል። ጋሽ ሽብሩ ይህን ሲሰሙ ለማመንም ላለማመንም አቅም አጡ። ውዳሴ መልሳቸውን አልጠበቀችም።

እንደገና ዝናቡ፣ እንደገና መንገዱ፣ እንደገና የወይዘሮ አሰለፈች በር። መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ቀስ ተብሎ ነው። ውዳሴ ግን ጊዜ አልነበራትም።

«እትዬ አሰለፈች፣ ይቅር ይበሉኝ። የጋሽ ሽብሩ እናት፣ እማማ አትጠገብ፣ ካረፉ ቆይተዋል። ያልነገርንዎት እኛ ነን።»

ወይዘሮ አሰለፈች መጀመሪያ አልገባቸውም። «እማማ አትጠገብ?» አሉ። «ጢሙን ያሳደገው… እኔ እኮ ዘመናዊ መሆኑ መስሎኝ በሆዴ ስስቅበት ነበር!» ከዚያ በሁለት እጃቸው ደረታቸውን መቱ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱና፣ ጃንጥላ ሳይዙ፣ ዝናቡ ውስጥ ገቡ። መኪኖች ቆሙላቸው፤ ዘቅዝቃ የለበሰች ሴት እያለቀሰች ስትሻገር ጡሩምባ የሚነፋ የለም።

«ሽብሩዬ! ሽብሩዬ! ቀብሯ ላይ ሳልቆም! አፈሯን ሳላለብሳት!» እያሉ ደረጃውን ወረዱ። «በልጄ ይሁንብኝ፣ አልሰማሁም!»

ጋሽ ሽብሩ ተነሱ። «አልሰማሽም?» አሉ እንደ ሕፃን። «እኔ እኮ… አሰለፈች፣ አልሰማሽም?» ተቃቅፈው አለቀሱ። ዕድሜ ልካቸውን የሚተዋወቁ ሁለት ሰዎች በማሽኖቹ መሃል ቆመው እንደ ትናንት ሞት አለቀሱ።

ውዳሴ በሩ ላይ ቆማለች። ለቅሶ አይቋረጥም፤ የሚያለቅስ ሰው በቃህ የሚባለው ሲወጣለት ነው። ስልኩ ግን እጇ ላይ እየጮኸ ነው። ልታነሳው ፈራች። አፏን ልትከፍት ፈራች። ያን ያህል ፈርታ አታውቅም።

ስልኩን የሰሙት ወይዘሮ አሰለፈች ናቸው። ፊታቸውን በነጠላው ጠረጉ።

«ሽብሩ፣ የቀረውን ለቅሶ ቤትህ መጥቼ አለቅሳለሁ፤ ከነልጆቼ እመጣለሁ። አሁን ግን አንዲት ልጅ ደም እየፈሰሳት ነው። የመዝገቡ ኃላፊ እኔ ነኝ፤ መጥቼ በአፌ እየጠየቅኩህ ነው። አጥሩን ክፈትልኝ።»

ጋሽ ሽብሩ እንባቸው የቁልፍ ሰሌዳው ላይ እየተንጠባጠበ ከፈቱ።

አጥሩ ተከፈተ፣ ጎተራውና መዝገቡ ተያዩ። ናሆም የምስጢር ቃሉን አወጣና ላከላት። ውዳሴ በጋሽ ሽብሩ ኮምፒውተር ጎተራውን ከፍታ የመዝገቡን አድራሻ ጻፈች፣ ቃሉን ለጠፈች፣ «ሞክር» የሚለውን ተጫነች። ቀይ! «አላውቅህም» አለ መዝገቡ። ደግማ ተጫነች፣ ቀይ። ወይዘሮ አሰለፈች በትከሻዋ በኩል አጎንብሰው «የማርያም ልጅ፣ የማርያም ልጅ» ይላሉ። ውዳሴ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ቃሉን ስትለጥፍ ጫፉ ላይ ባዶ ቦታ አብራ ለጥፋለች። አጠፋችው። ተጫነች። አረንጓዴ!

መዝገቡ ለጎተራው መለሰ፦ «አዎ፣ ቁጥሩ እውነት ነው፤ ከጎርባ የመጣ አቤቱታ ነው።» ጎተራው እርማቱን ተቀበለ። ፕሮግራሙ ታረመ፣ የጣለውን ጥሪ መልሶ አነሳ፣ ትእዛዙን አወጣ። ሣጥኑ ተከፈተ፣ ሙዘይን ቁልፉን አፈፍ አደረገ፣ አምቡላንሱ ጡሩምባውን እየነፋ ከግቢው ወጣ።

«ወጥቷል!» አለች ውዳሴ ስልኩን አንስታ። «አሁን የምሬን ነው፣ ሲስተር። ወጥቷል። ያዢልኝ!»

«እይዛታለሁ» አለች ሲስተር እልፍነሽ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የሚደረግ ነገር አልነበረም። አራቱም ምድር ቤቱ ውስጥ ተቀመጡ፤ ናሆምም ወርዶ ነበር። ውዳሴ እርማቷን ደጋግማ ታየዋለች፤ ጥሪውን የጣለው የራሷ እጅ መሆኑን ታውቃለችና ልቧ አላርፍ አለ። ጭቃው መንገድ ላይ መኪናው ቢይዘውስ? ወንዙ ሞልቶ ከሆነስ? ጋሽ ሽብሩና ወይዘሮ አሰለፈች አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ እማማ አትጠገብ በዝግታ ያወራሉ፦ መጨረሻ ላይ ምን አሉ፣ ታመው ነበር ወይ፣ ማን ገነዛቸው።

ዝናቡ አባርቶ፣ የሥራ ሰዓት አልቆ፣ ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ እነሱ እዚያው ነበሩ። ስልኩ ጮኸ። የደወለው ሙዘይን ነው፣ ከሆስፒታሉ ደጅ።

«ደርሰናል» አለ። «ደም ሰጥተዋታል። ቀዶ ሕክምና ገብታ ወጥታለች። ስንዱ ነቅታለች። ሴት ልጅ ናት። ኧረ ስትጮህ ብትሰሙ፣ ከእኔ ጡሩምባ ትበልጣለች!»

ውዳሴ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች፤ ናሆም ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። ወይዘሮ አሰለፈች ከመቀመጫቸው ተስፈንጥረው ተነሱ፤ እልልታው ጉሮሯቸው ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ነጠላቸው መዘቅዘቁ ትዝ አላቸው፤ ጎናቸው ያለው ሰው ሐዘንተኛ መሆኑ ትዝ አላቸው። አፋቸውን በእጃቸው ያዙና መልሰው ተቀመጡ።

ጋሽ ሽብሩ አዩአቸው። እጃቸውን ሰደዱና የተዘቀዘቀውን ነጠላ ከትከሻቸው አንስተው አቀኑላቸው።

«እልል በይ እንጂ፣ አሰለፈች» አሉ። «ሴት ልጅ ስትወለድ እናቴ ሰፈሩን የምትቀሰቅስ ሴት ነበረች። ስለ እሷም እልል በይ።»

ወይዘሮ አሰለፈችም እልል አሉ፤ ማሽኖቹ ማጓራታቸው አልተሰማም።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ውሃ የሚያጠጣኝ ማነው?